ስለ ፋና ማይነርና አቶ ሀብቱ ስለተቀመጡበት ወንበር

ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

አቶ ሀብቱ ቤታችን ውስጥ ተቀመጡ።

ለክቡር አቶ ውድነህ
የወላጆች መረዳጃ ማኅበር የትምህርትና የምክር አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም የሰው ልጅ የት ይደርስ ይሆን እያለ እንቅልፍ ለሚያጣው ሰፊ ልቡናዎ ያለኝን የአክብሮት ሰላምታ አቀርባለሁ። የራስዎ ልጆች ወደ ሲያትል ከሄዱ ወዲህ ያ ሁሉ አሳቢነት የሚያርፍበት አጥቶ እንዳይባክን ስንሰጋ ቆይተናልና፣ ወደ እኛ ቤት መዞሩ እፎይታ ሰጥቶናል።

ይህ ደብዳቤ በማኅበሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ጉዳዩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ልጄ ፋና ዴንቨር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ትማራለች፤ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ከዋናው ትምህርት ጎን አንድ አነስ ያለ ሁለተኛ ትምህርት መያዝ ይቻላል፤ ማይነር ይሉታል። ፋና ስፓኒሽ መረጠች። እርስዎ ቢዝነስ አናሊቲክስ፣ ማለትም የንግድ መረጃ ትንተና፣ መረጡ። እንግዲህ በሁለት ሰዎች መካከል የሐሳብ ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው፤ ከሁለቱ ተማሪዋ አንዷ ብቻ ናት። የማይነሩ ቅጽ ኮሌጁ የሚገባው በዚህ ሳምንት ዓርብ ነው።

ቅሬታ ለማቅረብ አልደፈርኩም። ከዚህ በታች በተራ የጻፍኳቸው ነገሮች የምስጋና ዝርዝር ተደርገው እንዲወሰዱልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሽምግልናው።

ባለፈው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ልከውልናል። በአገራችን ወግ ሽማግሌ የሚላከው ወይ ልጅ ለመጠየቅ ነው፣ ወይ የተጣላ ለማስታረቅ፣ ወይ ደም ለማድረቅ። የኮሌጅ ማይነር ለማስቀየር ሽማግሌ የተላከው እኔ እስከማውቀው በእርስዎ የሰብሳቢነት ዘመን ነውና፣ ወጋችንን ወደፊት ስላራመዱልን አመሰግናለሁ።

በሩን ስከፍት አቶ ምናሉ፣ አቶ ቀጸላና አቶ ሀብቱ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆመዋል። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኳቸው። ገቡ። አቶ ምናሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባልልን አንቀመጥም» አሉ። ባለቤቴ እንዳልክ የጭነት መኪና ነጂ መሆኑን ያውቃሉ። የዚያን ቀን ነብራስካ መንገድ ላይ ነበር፤ ሌሊቱን በረዶ ጥሎ አድሯል። ሦስት ጥቁር የለበሱ ሰዎች ሳሎኔ መሐል ቆመው አንቀመጥም ሲሉኝ፣ መርዶ ይዘው የመጡ መስሎኝ ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ። ስለዚህ ጉዳዩ የኮሌጅ ማይነር መሆኑ ሲነገረኝ የተሰማኝን ደስታ በቃላት ልገልጽልዎ አልችልም። ያሰቡት ይህንን ከነበረ፣ ዘዴው ፍጹም ሠርቷል።

ነገሩን ሳይጨርሱ ጎረቤቴ ጤናዬ ከላይ ፎቅ ደወለች። ሽማግሌዎቹ ከመኪና ሲወርዱ በመስኮት አይታቸው ኖሯል።

«አንቺ ድብቅ፣ ልጁ ማነው?» አለችኝ።

«ቢዝነስ አናሊቲክስ ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ቤተሰቦቹን ታውቂያቸዋለሽ?» አለችኝ።

የአቶ ምናሉን ንግግር እንዳለ ማስፈር ይገባኛል፤ ሲለማመዱት እንደሰነበቱ ያስታውቃል። «እህቴ ጽጌ፣ ልጅሽ ልጃችን ናት። ኢንጂነሪንግ ላይ ስፓኒሽ መደረብ ማለት ካፖርት ላይ ነጠላ እንደመደረብ ነው። አያሞቅም» አሉ። ይህንን ሲሉ ራሳቸው ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበው ነበር።

ከዚያም ነገሩ የቤቱ አባወራ ባለበት ቢሆን ይሻላል ተባለና እንዳልክን በስፒከር ደወሉለት። እንዳልክ ሰምቶ ሲያበቃ «ጋሼ ምናሉ፣ እየነዳሁ ነው። ማይነሩ የእኔ አይደለም፣ የጽጌም አይደለም። ልጅቷን ጠይቋት» ብሎ ዘጋው። አቶ ምናሉ ስልኩን ኪሳቸው ከተው «ኔትወርክ ነው» አሉ።

ልጅቷ ተጠራች። ከመኝታ ቤት ላፕቶፗን እንደያዘች ወጥታ፣ ሦስቱንም ትከሻ ስማ ቆመች። «ጋሼ፣ ሜጀሬን እኮ አልቀየርኩም። ማይነር ነው። ጀስት ኤ ማይነር» አለች።

«እኛስ ምን አልን፣ የእኔ ልጅ» አሉ አቶ ምናሉ፤ «ትንሽ ነገር ስለሆነ ብትቀይሪው ምን ይጎዳሻል?»

«ትንሽ ነገር ከሆነ ለምን ሦስት ሰው መጣ?»

አቶ ቀጸላ ሳቃቸው አመለጣቸውና ወደ ሳል ለወጡት። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ዘንድ ሄደው፣ የግቢያችን ጠባቂዎች መኪናቸውን እንዳያስጎትቱባቸው መመልከቱን መረጡ።

ሁለተኛ፣ ስለ ወንበሩ።

ይህ ከሁሉም የላቀው ነው። ክርክሩ እንደቀጠለ ፋና ወደ ኩሽና ሄዳ አንድ ወንበር አመጣች። ከአቶ ሀብቱ ኋላ አስጠግታ ትከሻቸውን ነካ አደረገቻቸው። አቶ ሀብቱም ተቀመጡ። አቶ ምናሉ ዞር ብለው አዩዋቸው፤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ሁለቱ መቆማቸው አላምር ስላላቸው መሰለኝ እሳቸውም ተቀመጡ፤ አቶ ቀጸላም ከመስኮቱ ተመልሰው ተቀመጡ። ሻይ ጠጡ። ስለ በረዶው ተጫወቱ። ሄዱ። እሺ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ትናንት እሑድ በማኅበሩ አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት፣ ማይክራፎን ይዘው «ሽማግሌዎቻችን ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ተፈቅዷል፤ ልጃችን ፋና ምክር ሰምታ ወደ ጠቃሚው ማይነር ተመልሳለች» ብለው አስጨበጨቡ። ሽማግሌ የሚቀመጠው እሺ ሲባል ነው፤ ሽማግሌው ተቀምጧል፤ እንግዲያው እሺ ተብሏል። ይህንን አስተሳሰብ የትኛው ኮሌጅ እንደሚያስተምረው ቢጠቁሙን፣ ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ጠቃሚ ማይነር ይሆናል። በዚህ ሕግ ከሄድን ሃቫና ስትሪት ጸጉር ቤት ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ሁሉ በስንት ነገር እንደተስማማ አያውቅም።

እርስዎ ያልጠየቁት፣ ስላልጠየቁም ያልተነገረዎ ነገር ይህ ነው። አቶ ሀብቱ ጉልበታቸው ታሟል። ባለፈው ክረምት ሴት ልጃቸው ከሥራ መቅረት ስላልቻለች፣ ሊትልተን ወዳለው ሐኪም የወሰደቻቸው ፋና ነበረች። ሐኪሙ የሚለውን ወደ አማርኛ፣ አቶ ሀብቱ የሚሉትን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ አረፈደች። ብዙ መቆም እንደማይገባቸው የነገረቻቸው እሷ ናት፤ ለልጃቸውም የነገረችው እሷ ናት። ሳሎናችን መሐል አቶ ሀብቱ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውሩ፣ እኛ ሌሎቻችን ስለ አናሊቲክስ ስንነጋገር፣ ያየቻቸው እሷ ብቻ ነበረች። ወንበሩን ያመጣችው ለዚህ ነው።

አቶ ሀብቱ ትናንት ማታ ደውለውልኝ ነበር። «ልጄ፣ እኔ የተቀመጥኩት ለጉልበቴ ነው። ቆሜ ልናገር ስል ጭብጨባው ቀደመኝ» አሉኝ። ይህንን ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «ጻፊው። ምናሉ ይቆጣኛል እንጂ ሌላ ምን ያደርገኛል» ብለዋል። ጻፍኩት።

ሦስተኛ፣ ስለ ጠቃሚነት።

ኮሚቴዎ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚጠቅሙ ማይነሮችን በደረጃ አስቀምጦ ግሩፑ ላይ ስለለጠፈልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከዚያ በፊት ልጆቻችን ሁሉ ፋርማሲ እንዲገቡ መክረውናል፤ ገቡ፤ ዛሬ ፋርማሲስት ያልሆነ ሙሽራ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ቀጥሎ ሁሉም ሳይበር ሴኩሪቲ እንዲማሩ መከሩን፤ ተማሩ፤ ከእነሱ መካከል አሁን ከአየር ማረፊያ ተሳፋሪ የሚያመላልሱት ያንን ምክር በየመንገዱ ያነሱታል። አሁን ደግሞ አናሊቲክስ ነው። አንድ ነገር ሁሉም ሰው ጠቃሚ ነው ማለት ከጀመረ በኋላ ልጆቻችንን ወደዚያ ለማሰለፍ ያለዎት ፍጥነት ያስደንቃል።

ፋና ስፓኒሽን እንዴት እንደመረጠች ሽማግሌዎቹ አልጠየቋትም፤ ስለዚህ እኔ ልናገር። ባለፈው በጋ ቶርንተን ውስጥ የጎርፍ መውረጃ ቱቦ በሚቀይር ድርጅት ተለማማጅ ሆና ሠርታለች። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሰፈሩ ነዋሪዎች ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነበሩ። አስተርጓሚ ይመጣል ተብሎ ቀረ። ኢንጂነሮቹ ግን ስብሰባውን ሰረዙት ብለው አያስቡ፤ በትልቅ ስክሪን በእንግሊዝኛ አስረዱ፣ ገብቷችኋል ወይ ብለው ጠየቁ፣ ሰዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በሳምንቱ ከቤቶቹ ኋላ ያለው መንገድ ተዘጋ። እዚያ የቆሙት መኪናዎች በጠዋት ተጎተቱ። ሰዎቹ ሥራ ሊሄዱ ሲወጡ መኪናቸው የለም።

ፋና ያን ቀን ቤት ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ «እማ፣ ሁሉም ነቀነቁ እኮ። ልክ እንዳንቺ» አለችኝ።

እንዳንቺ ያለችው ገብቶኛል። እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን በየቢሮው ራሴን እየነቀነቅኩ ነው የኖርኩት። ትንሽ ልጅ ሆና ከጎኔ ወንበር ላይ ቆማ ወረቀት ስታነብልኝ፣ ሰውየው የሚለውን ስትነግረኝ፣ አንዳንዱንም እንዳላዝን ስትደብቀኝ ነው ያደገችው። እኔ ብቻም አልነበርኩ። የዚህ ማኅበር ግማሹ አባል በእነዚህ ልጆች አፍ ነው ያወራው። አሁን ይህ ሥራ ጥቅም የለውም መባሉን ስሰማ፣ ያኔ ማንም ስላልከፈላቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ስፓኒሽ ሥራ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚረዳት እርግጠኛ አይደለሁም። መጀመሪያ ስትነግረኝ «ሌላ የለም?» ብያታለሁ። ላይጠቅማት ይችላል። ኮርሱ ላይ የምትቀመጠው፣ ፈተናውን የምትፈተነው እሷ መሆኗን ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ኮሚቴዎ ስብሰባ ጠርቶ ካልወሰነ በስተቀር።

አራተኛ፣ ስለ ቅዳሜው ክፍል።

እስካሁን የጻፍኩት ቀልድ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ይህኛው ይለያል።

ፋና ቅዳሜ ቅዳሜ በአዳራሹ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ እንደምታስተምር ያውቃሉ፤ በየዓመቱ ሪፖርትዎ ላይ የኮሚቴው ውጤት ብለው ያቀርቡታልና። ትናንት ከጭብጨባው በኋላ ሰዉ ሲበተን ጠርተው፣ ዓርብ የማይነሩ ቅጽ በቢዝነስ አናሊቲክስ ተሞልቶ እንዲያዩት እንደሚፈልጉ፣ ካልሆነ ክፍሉ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግረዋታል። «ምክር ያልሰማ ምክር አይሰጥም» ማለትዎንም ነግራኛለች። አባባሉ ያምራል። ሌላው ሰው ማን እንደሆነ ስትጠይቅዎ «ይፈለጋል» ብለዋታል።

ልጆቹ ፈተናቸው ደርሷል። ከመካከላቸው ሳሌም የምትባለው፣ በመጀመሪያ ቀን ደብተሯን ዘግታ ማልቀስ ብቻ ታውቅ የነበረችው፣ አሁን ሰሌዳ ላይ ወጥታ ለሌሎቹ ታስረዳለች። ሲያመልጣት «ዌይት፣ ዌይት፣ አትንገሪኝ» እያለች ፋናን እንደምትቆጣ እናቷ እየሳቀች ነግራኛለች።

ትናንት ማታ ፋና ሳህን እያጠበች፣ ወደ እኔ ሳትዞር «እማ፣ ማይነሩን እተወዋለሁ። ልጆቹን አልተውም» አለችኝ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። እጇን አድርቃ ክፍሏ ገባች።

ስለዚህ እንኳን ደስ ያለዎ። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመው ያላገኙትን፣ እርስዎ አንዲት ልጅ ከምትወዳቸው ልጆች ፊት አቁመው አግኝተውታል። ሃያ ዓመት ሳሳድጋት ለፋና እንዲህ ያለ ምርጫ ያቀረበላት ሰው አልነበረም። የጠየቋትን ሁሉ ስታደርግ የኖረች ልጅ መሆኗን አጥንተው፣ በየት በኩል እንደምትያዝ አውቀዋል። አናሊቲክስ ማለት ይህ ከሆነ፣ በእውነት ጠቃሚ ነው።

አምስተኛ።

አምስተኛው ማስታወቂያ ነው። የምንኖርበት ግቢ የነዋሪዎች መሰብሰቢያ ክፍል አለው። ጠረጴዛ አለው፣ ሰሌዳ አለው፣ ይሞቃል። ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ሥራ ከመግባቴ በፊት የግቢውን አስተዳዳሪ አነጋግሬ ለቅዳሜዎቹ ሁሉ ፈቅዳልኛለች። በምሳ ሰዓቴ ለልጆቹ ወላጆች አንድ በአንድ ደወልኩ። አንዷ እናት «አቶ ውድነህ አይቀየሙም?» አለችኝ። ይቀየማሉ አልኳት። «እንግዲያስ ቀደም ብለን እንመጣለን፤ ፓርኪንግ እንዳናጣ» አለችኝ። የሒሳቡ ክፍል ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ እዚያ ይቀጥላል። የማኅበሩ አዳራሽ ቅዳሜ ጠዋት ነጻ ስለሚሆን፣ ኮሚቴዎ ሳይረበሽ እንዲሰበሰብበት በደስታ እንለቃለን።

ለፋናም ደውዬ ነገርኳት።

«እማ፣ ከማኅበሩ ጋር ልትጣዪ ነው» አለችኝ።

«ሽማግሌ ይልኩልኛል» አልኳት።

ሳቀች። ከሰነበተ ነው እንዲህ ስትስቅ የሰማኋት። ቅጹን ዓርብ ራሷ ታስገባለች። ምን ብላ እንደምትሞላው አልጠየቅኳትም። አለመጠየቅ መጀመሪያ ትንሽ ይከብዳል፣ በኋላ ይለመዳል፤ እርስዎም ቢሞክሩት ያርፉበታል።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ሰጥቶ፣ ከዚህ የበለጠ ሰፊ ኮሚቴ፣ ከዚህ የበለጠ ረጅም ማይክራፎን፣ ከእኔ ልጅ የተሻለ ታዛዥ ትውልድ እንዲያድልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለደከሙልን ድካም ሁሉ፣ በተለይም ላልለመንንዎት፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ጽጌ ንዋይ
የፋና እናት፣ የማኅበሩ አባል (እስከዛሬ ማታ ድረስ)

ማሳሰቢያ፦ ይህንን ማሳሰቢያ በስልኬ መጻፍ የጀመርኩት ሃቫና ስትሪት፣ ማተሚያ ቤቱ ካውንተር ላይ ተደግፌ ነው። ለማኅበሩ የትምህርት ቀን በዓል የተሠራውን ባነር ከሥራ ስወጣ እንዳመጣልዎ አዝዘውኝ ነበርና ልታዘዝ መጥቼ ነው። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ዘርግቶ አሳየኝ። የፋና ፎቶ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ሃይስኩል ስትጨርስ የተነሳችው ነው። ከሥሩ በትልቅ ፊደል «ምክር ሰምታ የተመለሰች፤ ማይነር፦ ቢዝነስ አናሊቲክስ» ይላል። ቀለሙ ጥሩ ወጥቷል። ስህተት ካለው አሁን ይነገረኝ አለኝ። የለውም፣ ያዘዘው ሰው እንደፈለገው ነው አልኩት። መቀስ ለምኜዋለሁ። ፎቶው የልጄ ስለሆነ በጥንቃቄ ቆርጬ ጠቅልዬ ይዣለሁ፤ ጽሑፉ የእርስዎ ስለሆነ ሳይነካ ካውንተሩ ላይ ይጠብቅዎታል። ልጁ ለመረከቤ እንድፈርም ወረቀት ይዞ እየተከተለኝ ነው። በሩን ከፍቻለሁ።